ምርቃት የማያውቀው ባሩድ

ባለፈው ዓመት በዕድራችን ስብሰባ ላይ፣ የድንኳን ጉዳይ ተነስቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተናገረ ሳለ፣ ጋሼ ደምሴ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉና በጆሮዬ ጠየቁኝ።

«ጥይት ትሠራለህ ይሉሃል። እውነት ነው?»

«ብቻዬን አይደለም ጋሼ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር ነው» አልኳቸው፣ ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ።

ጋሼ ደምሴ ግራና ቀኝ ቃኙ። «ለየትኛው ወገን ነው?»

«ለወረቀት ነው።»

«ወረቀት ደግሞ ምን በደላችሁ?»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ ሜልበርን ያለነው ግን ጉድ ሳንሰማ ሰኞ እንኳ አይጠባልንም። ስብሰባው አልቆ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ እኔ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ባለቤት ሆኜ ቁጭ አልኩ። አንዱ ወዳጄ ሰላምታዬን በአገጩ ብቻ መለሰልኝ። ሌላው፣ ከዚያ በፊት ስሜን እንኳ የማያውቅ ሰው፣ አቅፎኝ «በርታ፣ ከጎንህ ነን» አለኝ። የማን ጎን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ባገኘኝ ቁጥር ግን በዓይኑ ይጠቅሰኛል።

እንግዲህ ስሜ ከዚህ በላይ ሳይጠፋ እውነቱን እኔው ራሴ ልንገራችሁ።

እትዬ አስካለ የባለቤቴ የሰብለ የክርስትና እናት ናቸው። የሚኖሩት ዲር ፓርክ የሚባል የሜልበርን ሰፈር ነው። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ነጠላቸው ደግሞ ጭቃ አይቶ አያውቅም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ያያቸው ሰው ጉንዳን ረግጠው የሚያውቁ አይመስለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እኚሁ ሴትዮ የኢላማ ተኩስ ክለብ ውስጥ፣ የጆሮ መከላከያውን በሻሻቸው ላይ ደፍተው፣ በሪቮልቨር ወረቀት ይበሳሉ። ሪቮልቨር ያቺ ጥይቷን በሚሽከረከር ሆዷ የምትይዘው የድሮ ዓይነት ሽጉጥ ናት።

ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም፤ ቢፈጥርባቸውም ውሸት ይሆንባቸው ነበር። «እኔ ስቆም ወረቀቱ ራሱ መሐሉን ያመጣልኛል» ይላሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ዋንጫው ከመብዛቱ የተነሳ የልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ ከኋላ ሆኖ በዋንጫዎቹ እጀታ መሐል ያጮልቃል።

አጀማመራቸው እንዲህ ነው። በሚሠሩበት መጦሪያ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበሩ አሉ። የልጆቻቸውን ስም ረስተዋል፤ ቁርስ መብላታቸውን ረስተዋል፤ ኢላማ መተኮስን ግን አልረሱም። እትዬ አስካለ ገንፎ ባጎረሷቸው ቁጥር ሽማግሌው ስለ አተነፋፈስና ስለ ቃታ አሳሳብ ያስረዷቸዋል። «የልጁን ስም የረሳ ሰው ያልረሳው ነገር ምን ቢሆን ነው?» ብለው አንድ ቅዳሜ ለማየት ሄዱ። እንደሄዱ ቀሩ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቄሱ «አስካለ፣ መሣሪያ ምን ያደርግልሻል?» ብለው ጠየቋቸው። መልሱን ሰብለ ናት የነገረችኝ። «አባ፣ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ጠመንጃ ከኋላዬ እየጮኸ ነው የሄድኩት። አሁን እኔ ስለው ይጮሃል፤ እኔ ስለው ዝም ይላል።» እኔ ይህን ስሰማ እኚህን ሴትዮ ወደድኳቸው፤ ትንሽም ፈራኋቸው።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በሹፌርነት ነው። የቀኝ ትከሻቸውን ሲያማቸው መንዳት አቃታቸውና ሰብለ «ቅዳሜ ሺፍት የለህም፤ እትዬን አድርሳቸው» አለችኝ። እኔም ከቤቴ ከኬንሲንግተን ዲር ፓርክ፣ ከዲር ፓርክ ክለቡ ማመላለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ እውል ነበር። በኋላ እንግዳም መሞከር ይችላል ተባለና ሞከርኩ። ወረቀቱ ሳይነካ እንዳለ ቀረ፤ የተመታሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ኮርሱ፣ የፖሊስ ማጣራቱ፣ መጠበቁ፣ ደግሞ መጠበቁ አለፈና ላይሰንስ አወጣሁ።

የትከሻው ነገር ግን እየባሰ ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቱ «በዚህ እጅዎ ምን ይሠሩበታል?» ቢላቸው «ሹራብ» ብለው መለሱለት። ከሱቅ የሚገዛው ጥይት ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ ይገፋል። ጤነኛ ሰው ብዙም ልብ አይለውም፤ እሳቸውን ግን ጥርሳቸውን ያስነክሳቸዋል። መፍትሔው ባሩዱ አነስ ያለ፣ ለስላሳ ጥይት በገዛ እጅ መሙላት ነው፤ ይህንንም ለዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል። ችግሩ የመሙያው ማሽን እጀታ አለው፤ እጀታው ተስቦ የሚወርደው ደግሞ በዚያው በታመመው ትከሻ ነው። ዓመታዊው ውድድር ደርሷል። ከውድድሩ በኋላ ትከሻቸው ኦፕሬሽን ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ሽጉጥ ማንሳት ይችሉ አይችሉ ሐኪሙ አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ለስላሳ ጥይት ካልተገኘ ግን ይህኛውም ውድድር ቀረባቸው ማለት ነው።

«ስማኝ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ከመኪናዬ ሳይወርዱ። «ሰው የሞላውን ጥይት መተኮስ እብደት ነው። እኔ በሰው እጅ የተሞላ ተኩሼ አላውቅም። ባሌ ከመቃብር ተነስቶ ቢሞላልኝ አልተኩስለትም።»

«ልክ ነዎት እትዬ።»

«ስለዚህ አንተን እንደ ሰው አልቆጥርህም። እጄ ነህ።»

ከሰው ተራ በመውጣት እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ዌርሃውስ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ፎርክሊፍት ስነዳ ሱፐርቫይዘሬ ከዚህ የተሻለ ማዕረግ አልሰጠኝም።

አንድን ጥይት መሙላት ሲነገር ቀላል ነው። የተተኮሰው ቀለህ ይለቀማል፣ ይጸዳል፣ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ቂጡ ላይ ፕራይመር የምትባል፣ ስትመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ ቆብ ትገባለታለች። ባሩድ ይጨመርበታል፤ ከላይ እርሳሱ፣ ማለትም አረሩ፣ ተጭኖ ይከደናል። በቃ። ትዳርም ሲነገር ቀላል ነው።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ማጽዳት ነበር። ቀለሁ ዋልነት ከሚባል ለውዝ የተፈጨ ቅርፊት ጋር በሚንቀጠቀጥ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲንገጫገጭ ይቆያል፤ ከዚያ ቀለሁን ከቅርፊቱ መለየት ነው። የእትዬ አስካለ መለያ ተሰብሮ ስለነበር «እሱን ለእኔ ይተዉት» ብዬ ከቤት የሰብለን ወንፊት ይዤ ሄድኩ። ያንን ወንፊት ሰብለ ሻንጣ ውስጥ እንዳይጣመም ብላ በፎጣ አስጠቅልላ ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣችው ነው። ቀለሁ ከላይ ቀረ፣ ቅርፊቱ ከታች ወረደ፤ እኔም በብልህነቴ ተደነቅሁ። ቤት ስመለስ ግን እትዬ አስካለ ቀድመው ደውለዋል። የተተኮሰ ቀለህ የእርሳስ ብናኝ አለበት፤ ያ ወንፊት ከእንግዲህ ዱቄት አጠገብ እንዳይደርስ ብለው ለሰብለ ነግረዋታል።

ሰብለ ምንም አላለችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሰብለ ዝምታም እውነትም አልነቀዘም፣ ሳምንቱን ሙሉ እንደ አዲስ ቆየ። ልጄ ብቻ ወንፊቱን አይታ እኔን አየችና «ዳድ፣ ዩ አር ሶ ዴድ» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች፤ አለቀልህ ማለቷ ነው።

ይህ ግን ከባሩዱ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም። የባሩዱን ጉድ ለመረዳት አባቴን ማወቅ አለባችሁ። አባቴ መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ ጤፍ ይሸጥ ነበር፤ እኔም ከሚዛኑ አጠገብ ነው ያደግሁት። «ሚዛኑ ልክ ከሆነ ደንበኛው ይሄዳል፤ ሚዛኑ ካለፈ ደንበኛው ይመለሳል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ የእኛ ቤት እጅ፣ ሚዛኑ ልኩን ሲመታ፣ ማንም ሳያዘው ጭብጥ ያነሳና ጣል ያደርጋል። ምርቃት ነው። ምርቃት ያልታከለበት ጤፍ የተሸጠ አይባልም፤ የተጣሉበት ነው የሚባለው።

የእትዬ አስካለ ጋራዥ ውስጥ ያለችው ሚዛን የመዳፍ ያህል ናት። ባሩዱን በትንሽ ማንኪያ እያራገፉ የተፈለገው ቁጥር እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እኔ ቁጥሩ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ ጣቴ የማንኪያዋን ጀርባ አንዴ ቸብ ያደርጋል። ሳላውቀው ነው፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ደግሞስ የምሞላው ለማን ነው? ለማላውቀው የመርካቶ ደንበኛ ያልነፈግሁትን ለእትዬ አስካለ ልንፈግ ነው?

እሳቸው ስልክ ሊያነሱ ወደ ቤት ገብተው ነበር። ሲመለሱ ቅልጥፍናዬን ላሳያቸው ብዬ የመጀመሪያውን ዙር እርሳሱን ከድኜ ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛው ዙር ባሩዱን እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ፣ በተበሳው ጣውላ ላይ ተሰልፏል። እትዬ አስካለ አንድ ልማድ አላቸው። ከመከደኑ በፊት የያንዳንዱን ቀለህ ሆድ በባትሪ ያያሉ። ባትሪውን አበሩና ጎንበስ አሉ። እኔ ምስጋናዬን እየጠበቅሁ ቆምኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባሩድ ነዋ እትዬ።»

«ይሄኛው ከዚህኛው ለምን ከፍ አለ?»

«ትንሽ ብጤ ነች።»

አንዱን አንስተው ባሩዱን ሚዛኑ ላይ ገለበጡት። ቁጥሩን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉና ደግመው አዩ። «ምን ብለህ ነው የጨመርክበት?»

ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እውነቱ ከአፌ ወጣ። «ምርቃት።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኹም። የሚታጠፈውን ወንበር ስበው ተቀመጡና የታመመውን ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ያዙት።

«ልጄ፣ ይሄ ጤፍ አይደለም። ባሩድ ምርቃት አያውቅም። ያንተ ምርቃት መጥቶ የሚያርፈው እዚህ ነው» ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉት። «ሲብስ ደግሞ ሽጉጧን ፊቴ ላይ ይበትናታል። ለእኔ ማዘን ከፈለግህ ልኩን ስጠኝ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ የጋራዡ መሬት ግን ሲሚንቶ ነው። ጣውላው ላይ ያለው ሁሉ ተገለበጠ። የተከደኑትን ለማፍረስ ደግሞ መዶሻ የመሰለ ዕቃ አለ። ጥይቱን በውስጡ ታስገባና ወለል ላይ ደጋግመህ ትመታዋለህ፤ እርሳሱ ከድንጋጤ ብዛት ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ስደበድብ ዋልኩ። ጎረቤታቸው፣ አንድ ደግ ቬትናማዊ፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሁሉም ሰላም ነው?» ሲል እትዬ አስካለ «ሰላም ነው፤ ልጁ የሰጠውን እየመለሰ ነው» አሉት። አልገባውም፤ ግን ጭንቅላቱን በሐዘኔታ ነቀነቀልኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ ወደ ጋራዡ አያስደርሰኝም ነበር። እሳቸው ግን እጄን ሊያስተምሩት ቆረጡ። ከጎኔ ተቀምጠው ዓይናቸውን ሚዛኑ ላይ ይተክላሉ፤ ቁጥሩ ሲደርስ «በቃ» ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጣጣ መጣ። እኛ አገር «በቃ» የተባለ ሰው መቼ አቁሞ ያውቃል? እንግዳ «በቃ፣ በቃ» ሲል ነው ጋባዥ የሚበረታው። እኔም «በቃ» ባሉኝ ቁጥር ማንኪያዋ ሳትወድ በግዷ ትነሳለች።

«በቃ ስል በቃ ነው! ግብዣ ላይ አይደለህም።»

«አውቃለሁ እትዬ፤ እጄ ነው።»

«እጅህማ የእኔ ነው ብዬህ የለ?» ይሉና ጣቴን በእስክሪብቶ ቸብ ያደርጉታል።

በጋራዡ ውስጥ ሌላም ሕግ ወጣ። ባሩድ ሲመዘን ወሬ የለም፣ ስልክ የለም፣ ሰላምታ እንኳ የለም። ሐበሻ ሰላምታ ሲጀምር የቤተሰቡን ጤና ከነዘር ማንዘሩ ጠይቆ እስኪጨርስ የትኛው ቀለህ እንደተሞላና የትኛው ባዶ እንደሆነ ማን ያስታውሳል? አንድ ቀን የማኅበራቸው አባል የሆኑ ሴት ሊጠይቋቸው መጡና በጋራዡ በር ብቅ አሉ። እትዬ አስካለ ዞረው ሳያዩ መዳፋቸውን አነሱ፤ እኔም አንገቴን ሳላቀና ቀረሁ። ሴትየዋ የያዙትን ዳቦ እንዳቀፉ፣ እኛ በጸጥታ ጥቁር ዱቄት እየመዘንን በባትሪ ጉድጓድ ስናይ ጥቂት ተመለከቱንና ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ሄዱ። በማግስቱ አስካለ ድግምት ጀመረች ተባለ። እትዬ አስካለ ወሬውን ሲሰሙ «ዳቦውን ይዛው ሄደች?» ብቻ አሉ።

እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ቀናት የሠራሁት ጥይት አልነበረም፤ እትዬ አስካለን ማየት ነበር። ጎበዝ ነኝ የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ጎበዝ ነኝ ብሎ ደግሞ በየቀኑ እንደ ጀማሪ አንድ በአንድ የሚያይ ግን ሌላ አላየሁም። ያ ሁሉ ዋንጫ ያላቸው ሴት ባትሪውን ሳያበሩ የሚያልፉት አንድ ቀለህ የለም። ቀስ በቀስ የእኔም ጣት አደብ ገዛ። አንድ ከሰዓት «በቃ» ሳይሉኝ በልኩ ላይ አቆምኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ወደ ሌላ እያዩ ነበር፤ ማየት ትተው እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

የመጀመሪያዎቹን በክለቡ ሲሞክሩ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ድምፁ እንደ ሱቁ ጥይት ጆሮ አይቀድድም፤ ለዘብ ያለ ነው። ትከሻቸው አልተነቃነቀም። ዞረው እጃቸውን ዘረጉና «ሌላ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ውዳሴ ነው።

ውድድሩ ከዳንደኖንግ ወዲያ ባለ ሜዳ ነበር። ዳኛው ኬቨን የሚባል፣ እትዬ አስካለን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ ሰውዬ ነው። ተፎካካሪያቸው ደግሞ ሁልጊዜ ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለተኛ የሚወጣ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ነው። እትዬ አስካለ ጀማሪ የሞላላቸውን ጥይት ይዘው እንደመጡ ሜዳው ሁሉ ሰምቷል፤ የነገሩት ራሳቸው ናቸው። «እኔ ያሠለጠንኩት ነው» እያሉ ሲዞሩ እኔ ከኋላቸው ጥላቸው ውስጥ ለመግባት እሞክር ነበር።

የሚተኮሰው አምስት አምስት እየሆነ ነው። ሽጉጧ ስድስት ቀዳዳ አላት፤ አምስቱ ይሞላሉ፣ ባዶው ቀዳዳ በመጨረሻ እንዲመጣ ተደርጎ ሆዷ ይዘጋል። እሳቸው በተኮሱ ቁጥር እኔ አንድ ጊዜ አማትባለሁ። ዙር አለፈ፣ ሌላም ዙር አለፈ፤ ጥይቶቼ አንዷ እንደሌላዋ ለስለስ ብለው ወጡ። እትዬ አስካለ ይመሩ ነበር። ባቡር ነጂው ነጥቡን እያየ ከንፈሩን ያኝካል።

የመጨረሻው ዙር በአጭር ጊዜ ተተኩሶ የሚያልቅ ነው። ትከሻቸው ደክሞ ነበር፤ ሽጉጧን በግራ እጃቸው ቶሎ ዘጉና ተዘጋጁ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቀጭ አለ።

ጥይት ሊጮህ በሚገባው ቦታ ቀጭ ሲል መስማትን ለጠላቴም አልመኝም። ሕጉ እንደሚለው፣ ጥይቱ ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ እትዬ አስካለ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳነጣጠሩ ሳይነቃነቁ ቆሙ። ያፈረስኩት፣ የመዘንኩት፣ የከደንኩት ቀለህ ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። የቱን ነው ያበላሸሁት? ፕራይመሯን በደንብ አላስገባኋት ይሆን? ሰዓቱ አለቀ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጥፋቱ የጥይቱ ከሆነ ዙሩ ይደገማል። ጥፋቱ የተኳሹ ከሆነ ያልተተኮሰው ሁሉ እንደ ሳተ ይቆጠራል። ኬቨን ቀረብ ብሎ «አስካለ፣ ጥይቱ ነው አይደል?» አለና ወደ እኔ አየት አደረገ። ሌሎቹም አዩኝ። እኔም ከኋላ ሆኜ በጣቴ ደረቴን እየጠቆምኩ ራሴን እነቀንቅ ጀመር። እኔ ነኝ፣ በእኔ ያሳብቡት ማለቴ ነው። ማስመሰል አልነበረም፤ ከልቤ አምኜ ነበር።

እትዬ አስካለ የሽጉጧን ሆድ ከፍተው ተመለከቱ። ያልተተኮሱትን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። ኬቨን ጎንበስ ብሎ አላየም፤ ማየት ይችል ነበር፣ ግን የእሳቸው ቃል ይበቃዋል። እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ባቡር ነጂው እንኳ እንዲሰማ ጮክ ብለው በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

«ጥይቱ ምንም የለበትም። ባዶው ቀዳዳ ሦስተኛ ላይ እንዲመጣ አድርጌ የዘጋሁት እኔ ነኝ። የእኔ ስህተት ነው።»

«የእኔ ስህተት» የሚለውን ቃል ከእትዬ አስካለ አፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሰምቼ አላውቅም። ኬቨንም የሰማ አይመስለኝም፤ የቀሩትን እንደ ሳቱ ጻፈባቸው። ባቡር ነጂው አንደኛ ወጣ። ዋንጫውን ሲቀበል እንደ ሰረቀው ሰው ነበር ያፈረው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ጥይቱ ነው ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? እኔ ራሴ አምኜ ነበር እኮ።»

«እሱ ነው ችግሩ» አሉ፣ በመስኮቱ እያዩ። «አንተ አምነህ ትቀር ነበር። ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ ፊት ስትቀርብ እጅህ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከኦፕሬሽን ስነሳ የሚንቀጠቀጥ እጅ ምን ይሠራልኛል?» ከዚያ ቀበቶው ትከሻቸውን እንዳይነካው አስተካከሉና «ዋንጫ እንደሆነ ማስቀመጫም የለኝ» አሉ።

ፍሪዌይ ላይ ባንሆን ኖሮ መኪናውን አቁሜ ጉልበታቸውን እስም ነበር። እንደዚያ ቀን የተከበርኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

የከተማውን ትልቁን ድልድይ ስናልፍ ሰብለ ደወለች። ድምጿ በመኪናው ስፒከር ወጣ። «እትዬ፣ እንዴት ሆነ?»

«አንደኛ ነዋ!» አሉ እትዬ አስካለ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ። «ሌላ ማን ሊወጣ ኖሯል?»

ሰብለ የክርስትና እናቷን ታውቃቸዋለች። «እውነት ነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

እትዬ አስካለ ወደ እኔ አልዞሩም። ፊት ለፊት መንገዱን እያዩ የታመመ ትከሻቸውን ያሻሉ።

«አዎ» አልኳት። «አንደኛ ናቸው።»

የዋሸሁ አልመሰለኝም።